ጎታና መዝገብ፦ ስለ ገንዘብ ማስተዳደሪያ መተግበሪያዎች ምርጫ አጭር ሒስ

የግል ገንዘብን ለማስተዳደር በእጅ ስልክ የሚሠራባቸው መተግበሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው መዝጋቢ ነው፤ የወጣውን ገንዘብ ከወጣ በኋላ ይጽፋል። ሁለተኛው ደልዳይ ነው፤ የገባውን ከመውጣቱ በፊት ለየጉዳዩ ይመድባል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመልኩን ማማርና የዋጋውን መርከስ የሚመለከት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ምርጫው መነሣት ያለበት ገንዘቡ መቼና እንዴት ይገባል ከሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ መፈተኛ የሚሆነን የማንኩሳ ኑሮ ነው። ማንኩሳን ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ እኛ ግን የምናነሣት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች የበርበሬ፣ የበቆሎና የጤፍ አገር በመሆንዋ ነው። እዚያ ገንዘብ በየወሩ አይገባም። ምርቱ ተሰብስቦ በገበያ ሲሸጥ በአንድ ወቅት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከሚቀጥለው መኸር ድረስ መውጣት ብቻ ነው። ከሁሉም የሚከብደው የማዳበሪያው ዋጋ ነው፤ የሚጠየቀውም ኪስ በሚሳሳበት በክረምቱ መግቢያ ነው።

ገበሬው ለዚህ ችግር የቆየ ዘዴ አለው። እህሉን ለዘር፣ ለቀለብ፣ ለዕዳና ለድግስ ይለያል፤ ለዘር የተለየው በጎታው ከተቀመጠ በኋላ ከቀለቡ ጋር አይቀላቀልም። ደልዳዩ መተግበሪያ ከዚህ የተለየ ጥበብ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ዋይናብ የሚከተለው ደንብ፣ ለእያንዳንዱ ገንዘብ አስቀድሞ ሥራ መስጠት፣ በመሠረቱ የጎታው ደንብ ነው። መዝጋቢው ግን የማዳበሪያው ገንዘብ በጥር ለሠርግ እንደ ወጣ በሰኔ ይነግረናል፤ ይህም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

መዝጋቢው ሌላም ጉድለት አለበት። ከባንክ የሚላከውን መልእክት እያነበበ ራሱ የሚጽፈው ዓይነት፣ በገበያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን ጥሬ ገንዘብ አያይም፤ ስለዚህ ግማሹን ሒሳብ ሙሉ አስመስሎ ያቀርባል። የዕቁብንም ጠባይ ካላስተማሩት አያውቅም። በየሳምንቱ የሚጣለውን «ወጪ»፣ ዕጣ ሲደርስ የሚገኘውን «ገቢ» ይለዋል። ነገር ግን ዕጣው እስኪወጣ የተጣለው ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ ለወጣለትም ሰው ከጣለው በላይ የተቀበለው ዕዳ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «እንደኪሴ» እና «መላ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ካቀረበ ወዲህ አደጋው ከፍ ብሏል፤ ብድሩን እንደ ገቢ የሚቆጥር መዝገብ ባለዕዳውን ባለጸጋ ያደርገዋልና። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በመጽሐፉ ያስረዳው ድርብ አመዘጋገብ ይህን ልዩነት ይጠብቅ ነበር።

ደልዳዮቹም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ወር ነው። በፍኖተ ሰላም የሚያስተምር ደመወዝተኛ እንኳ በዓመት የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፤ ደመወዝ የሌላት ጳጉሜን ደግሞ የምትውለው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። የዋይናብ ክፍያ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሸክሙ በብዙ ጨምሯል። ከዚህም በላይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ ሒሳቡን ሩቅ አገር ባለ ማኅደር ብቻ ያስቀመጠ ሰው በዚያን ጊዜ መዝገቡን ከየት ያገኘዋል? አውታር ባይቋረጥም ባለቤቱ ሊዘጋው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የተጀመረውና ብዙ ተጠቃሚ የነበረው ሚንት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተዘግቷል።

እንግዲህ መራጩ አራት ነገር ይጠይቅ። የሒሳቡን ዘመን ከመኸር እስከ መኸር አድርጌ ልወስነው እችላለሁን? ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን? ዕቁብንና ብድርን ከገቢና ከወጪ ለይቶ ይይዛልን? መዝገቤን ገልብጬ ልወስደው እችላለሁን? አምስተኛ ጥያቄ ቢጨመር ስለ ቤተሰብ ነው። ከዶሮና ከዕንቁላል፣ ከጠላና ከአረቄ ሽያጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሚስት እጅ ነው፤ ስልኩ ግን በባል ኪስ ከሆነ የተጻፈው የአንድ ሰው ሒሳብ እንጂ የቤቱ አይደለም።

እነዚህን የሚያሟላ ካልተገኘ ባለመስመር ደብተር ይበልጣል። ከተገኘ ግን ደልዳዩ ይቅደም፣ መዝጋቢው ይከተል። መደልደል ሳይኖር መመዝገብ ጸጸትን በቁጥር ከማስቀመጥ አያልፍም፤ ለማዳበሪያ የተለየው ገንዘብ እስከ ሰኔ ሳይነካ ከቆየ ግን የሚመጣው ዓመት ምርት ከወዲሁ ተጠበቀ ማለት ነው።