«ኢትዮጵያ» መርከብ፦ የ29 ዓመት አገልግሎትና ያልተጻፈው ታሪኳ

በሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሚራራቁ ሁለት የጦር መርከቦች እኩል 29 ዓመት አገልግለዋል። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. በ1665 ሮተርዳም ላይ ተሠርታ በ1694 የፈረሰችው የሆላንዶች የሸራ መርከብ «ደ ዜቨን ፕሮቪንሲየን» ናት። ሁለተኛዋ በ1954 ዓ.ም. ተረክበናት በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወደ የመን ያመለጠችው የእኛዋ «ኢትዮጵያ» ናት። ሁለቱም የአገራቸውን ስም ይዘው ነው የተጓዙት፤ የፊተኛዋ ስም የሆላንድ ሪፐብሊክን ያቆሙትን ሰባቱን ግዛቶች ያመለክታል። የአገልግሎት ዘመናቸው እኩል ይሁን እንጂ ስለ እነሱ የምናውቀው ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም። ስለ ሆላንዷ መርከብ በየውጊያው ቀን የሆነውን ማንበብ ይቻላል። ስለ እኛዋ በብዛት ተጽፎ የምናገኘው የመጣችበትና የሄደችበት ዓመት ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በእኔ እምነት መልሱ ከመርከቧ ሥራ ማነስ አይደለም፤ የመርከብ ታሪክ የምንለው የአጻጻፍ ልማድ ራሱ መፈተሽ አለበት።

ልማዱ ከሸራ መርከቦች ዘመን የወረደ ነው። መርከቧ መቼ ተሠራች፣ ስንት መድፍ ነበራት፣ የትኛው ውጊያ ላይ ተሰለፈች፣ መቼ ፈረሰች? 80 ያህል መድፍ ለነበራት ለ«ደ ዜቨን ፕሮቪንሲየን» ይህ ቅርጽ ይስማማል። የአድሚራል ሚኪኤል ደ ሮይተር መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1666 ከእንግሊዞች ጋር ለአራት ቀን የተካሄደውን የባሕር ውጊያ አድሚራሉ የመራው ከእሷ ላይ ሆኖ ነው። በ1672 እና በ1673 ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ የጋራ ጦር ጋር በተደረጉት ውጊያዎችም ግንባር ቀደም ነበረች። በ1692 ከፈረንሳዮች ጋር ስትዋጋ ክፉኛ ተጎዳች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፈረሰች። ታሪኳ ከውጊያ ወደ ውጊያ ይሄዳል፤ አንባቢም ክፍተት አይሰማውም።

ሆላንዶች ብዙ ስለሚያውቁ ወረቀታቸው ሁሉ በደህና የተቀመጠ ሊመስለን ይችላል። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1844 ሄግ በሚገኘው የባሕር ሚኒስቴር ላይ በተነሣው ቃጠሎ ከድሮዎቹ የባሕር ኃይል ቢሮዎች ሰነድ እጅግ ብዙው ወድሟል። ከዚያ በኋላ ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ከቃጠሎው የተረፈውን፣ የመኮንኖችን የጉዞ ማስታወሻና ደብዳቤ፣ የሠዓሊዎችንም ንድፍ እያጠጋጉ ነው የሠሩት። ሽማግሌው ቪለም ቫን ደ ቬልደ በአራቱ ቀን ውጊያ ወቅት በትንሽ ጀልባ ከመርከቦቹ መሐል ገብቶ የሚያየውን ይነድፍ ነበር። እነዚያ ንድፎች ዛሬ ማስረጃ ናቸው። ስለዚህ «መዝገቡ ጠፍቷል» ማለት የምርምር መጨረሻ ሊሆን አይገባም፤ ሌላ ዓይነት ፍለጋ የሚጀመርበት ነው።

ወደ እኛዋ እንመለስ። «ኢትዮጵያ» ስትወለድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በአሜሪካዋ የዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች፤ በፊሊፒንስ ዘመቻ ተሰልፋለች፤ በ1946 ቢኪኒ ደሴት ላይ በተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራም ተሳትፋለች። የተሠራችው ከባሕር ላይ የሚነሡና ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለማገልገል ነው። ለአውሮፕላኖቹ የሚሆን 300,000 ሊትር ያህል ነዳጅ መያዝ፣ የተበላሸውን መጠገን፣ አብራሪዎቹንም ማሳደር ነበረባት። በመካከሉ ከሥራ ውጭ የቆየችበት ጊዜ ስለነበር በአሜሪካ ባንዲራ በንቁ አገልግሎት ያሳለፈችው ዘመን 12 ዓመት ቢሆን ነው። ከእኛ ጋር የኖረችው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ስለ እሷ በሰፊው የምናነበው የ12 ዓመቱን ነው፤ የ29 ዓመቱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

እዚህ ላይ አሠራሯን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ለምን ለእኛ እንደተስማማች የሚነግረን እሱ ነው። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ይጠጋል፤ ከውሃ በታች የሚጠልቀው አካሏ ግን 4 ሜትር ብቻ ነው። ትንንሽ ወደቦች እንድትገባ ታስባ ስለተሠራች ለምጽዋና ለዳህላክ ደሴቶች ምቹ ነበረች። ለአውሮፕላን ጓዱ ሰዎች ታስቦ የተሠራው ተጨማሪ መኝታና የጥገና ክፍል ደግሞ ለሥልጠና አመቺ ሆነ። ትልቋ የባሕር ኃይሉ መርከብ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ የሆነችው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሙግቴም እዚህ ላይ ነው። ዋና ሥራዋ ማስተማር የሆነን መርከብ በተኮሰችው መድፍ ልክ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የባሕር በር ተገኘ፤ ጥቂት ቆይቶ ባሕር ኃይሉ ምጽዋ ላይ ተመሠረተ፤ የኖርዌይና የእንግሊዝ መኮንኖች በማሠልጠኑ ተሳተፉ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ወጣት አስመራ በባሕር ኃይል ኮሌጅ የተማረውን የኮከብና የካርታ ትምህርት በተግባር የሚሞክረው መርከብ ላይ ነው። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የምዕራቡም የምሥራቁም ጎራ የጦር መርከቦች ወደብ ገብተው ሲታዩ የባለቤቷን አገር ስም ይዛ የምትቀበላቸው እሷ ነበረች። ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው፤ ግን በውጊያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ሆላንዶችስ ከእኛ ባሕር ኃይል ጋር ተገናኝተው ያውቃሉ? ሆላንዳዊን በወንጂ ስኳር ብቻ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኤልስት» የተባለች የሆላንድ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ለኢትዮጵያ ተሽጣ ኤምኤስ-41 የሚል መለያ ተሰጥቷታል። ስለ እሷ ያለን ደግሞ ከ«ኢትዮጵያ»ም ያነሰ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ያለው ዘመን ከባድ ነው፤ አለሳልሶ ማለፍም ነውር ነው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሉ መድፍ በኤርትራ ጦርነት ወደ የብስ ዞረ፤ በ1970 ዓ.ም. ምጽዋ በተከበበች ጊዜ ከመርከብ የተተኮሰው ከተማዋን ከመያዝ አድኗታል። ለተከላካዩ ያ ተኩስ የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ በሌላ ወገን ለተሰለፈውና ለነዋሪው ደግሞ ከባሕር የመጣ እሳት ነው። ከመርከበኞቹ መካከልም የኤርትራ ልጆች ነበሩ። የባሕር ኃይሉ ታሪክ ከመርከቡ ላይ ሆኖ ብቻ ከተጻፈ ግማሽ ነው፤ የምጽዋ ሰውም ያየውን መናገር አለበት።

በ1982 ዓ.ም. የካቲት ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥቱ ሲፈርስ «ኢትዮጵያ»ን ጨምሮ የቀሩት መርከቦች ባሕሩን አቋርጠው ወጡ። እሷ እ.ኤ.አ. በ1993 በየመን ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም ከተነገረ ወዲህ ስለ ወደፊቱ ብዙ ተብሏል፤ የቀድሞውን ባለሙያ ዕውቀት ስለ መሰብሰብ ግን የዚያን ያህል ሲወራ አልሰማሁም። ይህ ያሳስበኛል፤ በ1954 ዓ.ም. በመርከቧ ላይ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ሰማንያውን ተሻግሯል።

ይህን የምጽፈው ሳሪስ ሆኜ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በደብረ ዘይት መንገድ በተሳቢ ተጭኖ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ሲደርስ ማዕዘኖቹን ጨው የበላውን ዝገት ከእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። የሰፈሩ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው። መንገዱን ተከትለው ከተደረደሩት ጋራዦች መሐል ቶርኖ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፦ ባለሙያው ያለቀ ዘንግ በካሊፐር ይለካል፣ የተቦረቦረውን በብየዳ ይሞላል፣ ከዚያ በማሽኑ እየላገ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። አዲሱ መለዋወጫ ገበያ ላይ ስለሌለ ነው።

ለ«ኢትዮጵያ» ታሪክ ትልቁን ጥያቄ የማነሣው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር የነበረውን ወታደራዊ ትስስር ሲያቋርጥ የመለዋወጫው ምንጭም አብሮ ተቋረጠ። ሶቪየቶች አዳዲስ መርከቦች ሰጡ፤ የእነሱ መሣሪያ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለተሠራ የአሜሪካ ዲዝል ሞተር አይሆንም። ሆኖም መርከቧ ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ቆይታ በመጨረሻው ቀን በራሷ ሞተር ባሕሩን ተሻግራለች። ይህን የቻለው ማን ነው? ያለቀው ዕቃ የት ተላገ፣ የትኛው ከሌላ ሞተር ተፈትቶ መጣ፣ ዕጩ መኮንኖቹን ጭና ለመውጣት ብቁ ናት ብሎ የሚፈርመው ማን ነበር? መኮንኖቹን ከመጠየቃችን በፊት የሞተር ክፍሉን ሰዎች መፈለግ ያለብን ለዚህ ነው። ከተበተኑት መርከበኞች ብዙዎቹ ወደ መሐል አገር ተመልሰዋል። የጥገና ደብተር፣ በምጽዋ ፎቶ ቤት የተነሡት ምስል፣ ለቤተሰብ የላኩት ደብዳቤ በየሣጥኑ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍሎቻችን የድምፅ መቅረጫ ይዘው ቤት ለቤት መሄድ ያለባቸው አሁን ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ያ በእጅ የተላገ ዘንግ የማን ሥራ እንደሆነ ነው።