ጥላውን የማያውቅ ቤት

ስለ ሥነ ሕንጻ በተነሣ ቁጥር ነገሩ ከአክሱምና ከላሊበላ፣ ሲቀጥልም ከአዲስ አበባ ፎቆች አይዘልም። የአርሶ አደሩ ጎጆና በየወረዳው ከተማ የሚቆመው የቆርቆሮ ቤት ለሂስ የሚበቁ ሥራዎች ሆነው አይቆጠሩም። ሰፊው ሕዝብ የሚወለደው፣ የሚማረውና የሚሞተው በእነዚሁ ቤቶች ነውና ዝምታው አግባብ የለውም። እዚህ ለሂስ የሚቀርበው የምዕራብ ጎጃም ቤት፣ በተለይም የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤትና ከእርሷ ዝቅ ብለው የሚገኙት የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቤት ነው። መለኪያዋም ፀሐይ ናት።

የፈረስ ቤት ገበሬ ጊዜን ያለ ሰዓት ያውቃል። ጎህ፣ ማለዳ፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ ሰርክ የሚባሉት ቃላት ለጆሮ የሚጥሙ ስሞች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ፀሐይ በሰማይ ያለችበትን ቦታ፣ ጥላም በምድር ላይ ያለውን ርዝመት ይናገራሉ። በቤተ ክርስቲያንም የገዛ ጥላን በጫማ እየሰፈሩ የጾሙን ሰዓት መለየት የቆየ ልማድ ነው። ሬዲዮው ስድስት ሰዓት ሲል ግን የፈረስ ቤት ፀሐይ ገና ቀትሯን አልደረሰችም። የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ይህ አካባቢ ያለው 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ እንደ ወሩ ጥቂት ወዲህና ወዲያ ቢልም፣ እውነተኛው ቀትር እዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ተማሪው ይህን ከግቢው ሳይወጣ በአንድ ዘንግ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ዘንጉ ሌላም ያስተምራል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ላይ ናቸው፤ ፈረስ ቤትም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በታኅሣሥ 12 ቀትር የ1 ሜትር ዘንግ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በሚያዝያ 10 ገደማ ጥላው ከሥሩ ይጠፋል። ከዚያ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገርና በሰኔ 14 ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በነሐሴ 18 ገደማ ዳግም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ በክረምት ደመና የተሸፈነ ስለሆነ አይቶ የሚመሰክር ጥቂት ነው። እንግዲህ የቀትር ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚለው፣ ለአውሮፓ ሰማይ የሚስማማው ትምህርት እዚህ አይሠራም። መጽሐፍን ከሰማዩ ጋር ሳያስተያዩ መቀበል ደግሞ ከአውሮፓ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ረዥሙ ቀን የሌሊቱን እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል፤ በጎጃም ሰማይ በዓመቱ ረዥምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ስንት ሊቅ ያን ክፍል በጎጃም ፀሐይ ሥር ተቀምጦ አንብቦት ይሆን!

ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ ጎጆውን የሕዝብ ጥበብ ፍጹም ውጤት አድርገው የሚያወድሱ አልጠፉም። ውዳሴው ግማሽ እውነት ነው። ክቡ ግድግዳ ነፋሱን ያሳልፋል፤ ቁልቁለታሙ የሣር ክዳን ዝናሙን ቶሎ ያወርዳል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። በጎጆው ውስጥ ግን ፀሐይ የለችም። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ምድጃው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። እንዲህ ያለው ጨለማ ቤት ትውልድ ከትውልድ እንዴት ተኖረበት? ጎጆው የቤቱ ግማሽ ብቻ ስለነበረ ነው። ሌላው ግማሽ ደጅ ነው። ጥጥ የሚፈተለው፣ ሰፌድ የሚሰፋው፣ ሕፃን ፀሐይ የሚሞቀው፣ ሽማግሌ ነገር የሚቆርጠው በደጅ ነው፤ ማለዳ በምሥራቁ ግድግዳ ሥር፣ ቀትር ላይ በዛፍ ጥላ፣ ሰርክ ሲበርድ በምዕራቡ በኩል። ሰው ከፀሐይ ጋር ቤቱን ይዞራል።

የቆርቆሮው ቤት ጥፋት እዚህ ላይ ይታያል። ሥራውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ፀሐይን ግን አላስገባም። አራት ማዕዘኑ ቤት ፊቱን የሚያዞረው ወደ መንገድ ነው። ለሱቅ ይህ ይገባዋል፤ ገዢ የሚመጣው ከመንገድ ነውና። ለመማሪያ ክፍል ግን ምን ምክንያት ይሰጠዋል? ሰፊ ጎኑን ለምሥራቅና ለምዕራብ የሰጠ ክፍል መስኮቱ ሲከፈት ጧት የአንዱን ረድፍ ተማሪ ዓይን ያጭበረብራል፣ ተሲያት የሌላውን፤ ዝቅ ብላ የምትመጣን ፀሐይ የጣራ ክንፍ አይከልላትም። መዝጊያው ቆርቆሮ በሆነበት ደግሞ ብርዱን የዘጋ ብርሃኑንም ይዘጋል። ያው ክፍል ዞሮ መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ቢያዩ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክንፍ በታኅሣሥ ቀትር የደቡቡን ግድግዳ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጠላል። ይህ ለፍኖተ ሰላም ሙቀት ይበጃል። ለፈረስ ቤት ብርድ ክንፉን ማሳጠር ወይም መስኮቱን ከጥላው በታች ማውረድ፣ በምሥራቁም ጫፍ አንዲት የመስታወት መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ለደጋውና ለወይና ደጋው አንድ ፕላን ማንሣት ስለዚህ ስንፍና ነው። ማገሩ፣ ጭቃውና ባሕር ዛፉ ያው ነው፤ ችካል ከመተከሉ በፊት ግን አንድ ሰው ጥላውን ማየት አለበት።

ያ ሰው ማን ይሁን የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግብጻዊው ሐሰን ፈትሂ በ1940ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር በጭቃ ጡብ ሲሠራ ስለ ጥላና ስለ ነፋስ ብዙ ተጠብቦ ነበር፤ ሊሰፍሩበት የታሰቡት ሰዎች አብዛኞቹ ግን አንገባም አሉ። በፈረስ ቤት የአናጢው፣ የመምህሩና የወላጁ ዓይን ከመሐንዲሱ ወረቀት ጋር ካልተገናኘ ፕላኑ ትክክል ቢሆን እንኳ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ለጊዜው በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የደጋ ተማሪዎች በክፍላቸው የምሥራቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ደወሉ ሲደወል ግድግዳውን ትተው ወደ ብርዱ ይገባሉ።