ቀጋው አበበ!

ትናንት ማለዳ መስኮቱን ስከፍት አጥሬ ጥግ ነጭ ነጠላ የተሰጣ መሰለኝ። ቀጋዬ ነው! ጀበናውን ከሰል ላይ እንደተጣደ ትቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አቤት ሽታው! ከሱቅ የምንገዛውን ጽጌረዳ አፍንጫችንን ካላስጠጋነው አይሸተንም፤ ቀጋ ግን ከበረንዳው ጀምሮ ነው የተቀበለኝ።

አንዱን አበባ ቀርቤ አየሁት። አምስት ነጫጭ ቅጠሎች፣ እንደ ሐር የሳሱ፤ መሃሉ የወርቅ ክር የመሰለ። ገና ጤዛው ሳይረግፍ ሁለት ንቦች ገብተውበት ይንከባለላሉ። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ጓሮዬ!

ደብረ ብርሃን አካባቢ ስናድግ ቀይ ፍሬውን ለቅመን እንበላ ነበር፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚከረክር ውስጡን በጥፍር ፍቀን። ከዚያ በላይ ግን ቀጋ ለእኛ የአጥር እሾህ ነበር። ጽጌረዳ የፈረንጅ ነው እንል ነበር እኮ! ቀጋ እኮ ራሱ ጽጌረዳ ነው፤ ከሰሐራ በስተደቡብ የአፍሪካ ብቸኛው ሀገር በቀል ጽጌረዳ። እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ በ1820 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጽጌረዳ መጽሐፍ ውስጥ «ሮዛ አቢሲኒካ» ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙ ላይ ያለችው ሀገራችን ናት!

ማጽደቁ ደግሞ እንዴት ቀላል መሰላችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሰኔ ላይ ከአክስቴ አጥር የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ስምንት ዘንጎች ቆረጥኩ፤ ከአንጓው ሥር፣ ስንዝር ተኩል አድርጌ። ግማሻቸውን አፈር አለበስኩና ክረምቱን ለዝናብ ተውኳቸው። ሦስቱ ጸደቁ። መድኃኒት አልረጨሁም፣ ማዳበሪያም አልገዛሁም። ፀሐይና ደጋ ይበቃዋል፤ በተፈጥሮው ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚበቅል ነውና አዲስ አበባ እንደ ቤቱ ናት። ብቻ መተላለፊያ ላይ አትትከሉት፤ እሾሁ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያለ ነው፣ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ስትገርዙት ወፍራም ጓንት ይኑራችሁ።

ቤተሰቡን አንዲት አበባ እንዳትቀጠፍ አስጠንቅቄያለሁ፤ የተቀጠፈው አያፈራማ! ጎረቤቴ ግን ከአሁኑ ለሰኔ አራት ዘንግ አስይዘዋል።