ባለሁለት ምሰሶዋ ጉድ

ወገኖቼ፣ ድራስኮም ሉገር የምትባል የሸራ ጀልባ አለችና ስሙኝ! ንድፏን ካየሁ ወዲህ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ ቡና የሚያጠጣኝ ሁሉ ከእኔ ሌላ ወሬ አይሰማም። ርዝመቷ 5.7 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 1.9 ሜትር፤ በቃ፣ ይችው ናት። በዚህች ልክ ውስጥ የተጠራቀመው ብልሃት ግን ወሰን የለውም!

ባንጋላ ዓሣ ገበያ ለሚመላለስ የጅዳ ሰው ፋይበርግላስ ብርቁ አይደለም። ባለሞተር የዓሣ ጀልባዎቹን እዚያው ያያል፤ ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ ታንከርም ከዚሁ የተሠራ ነው። ያልተለሰነውን ውስጡን በእጃችሁ ብትዳብሱት ይሻክራል፤ ሬዚን የጠጣው የመስታወት ክር ከቀለሙ ሥር እንደ ጋቢ ድርና ማግ ይታያል። ያቺ ቆንጆ የወጣችው ከዚሁ ነው! የቀድሞው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ጆን ዋትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲነድፋት በእንጨት ጀመረ፤ ወደ ፋይበርግላስ ስትዞርም የጥንት መልኳ አልጠፋም። ጣውላ በጣውላ ላይ ተደርቦ የተመታ የሚመስለው መስመር ከነጥላው ጎኗ ላይ አለ። ቀይ ቡናማ ሸራዎቿ በሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ሲወጠሩማ ዓይን አያስነቅሉም!

እኔን ያሳበደኝ ግን ለሰው ያላት ርኅራኄ ነው። በብዙ የሸራ ጀልባ ላይ ትልቁን ሸራ ከታች የሚይዝ አግዳሚ አለ፤ ነፋሱ ዞር ባለ ቁጥር በተሳፋሪው አናት ላይ ይወነጨፋል። ሉገር ላይ እሱ የለም! ሕፃን ይዞ መውጣት ይቻላል። ነፋስ ሲበረታ ትልቁን ሸራ ታወርዱና በፊተኛዋና በኋለኛዋ ብቻ ትሄዳላችሁ፤ ሚዛኗ አይዛባም። ያቺ የኋላዋ፣ መሐረብ የምታህለው ሸራ፣ ጀልባዋ ቆም ስትል አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ትይዝላችኋለች። ከሆዷ የሚወርደው ብረት ወደ ላይ ሲሳብ ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይበቃታል። የቀይ ባሕርን ኮራል ለሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ደግሞ እኮ የእኛን ባሕር ታውቀዋለች! ዌብ ቻይልስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 ከሳንዲዬጎ ዓለምን ሊዞር የተነሣው በሉገር ነበር፤ ጣሪያ በሌላት፣ ፀሐይና ማዕበል እንደልብ በሚገባባት በዚህችው ጀልባ! በ1980 ሰላማዊ ውቅያኖስ ገለበጣት። ውኃ ሞልቷት ሁለት ሳምንት ያህል ስትንሳፈፍ ከርማ ከቫኑዋቱ ደሴቶች አንዷ፣ ኤማኤ፣ ደረሰች። አልሰጠመችም! ተጠግና ጉዞዋን ቀጠለች፤ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጣ ቀይ ባሕር ገባች። በ1982 ሳዑዲ ውስጥ ቻይልስ በስለላ ተጠርጥሮ ታሰረና ጉዞው ተቋረጠ። ከተፈታ በኋላ ታዲያ በምን ቀጠለ? ትልቅ መርከብ አማረው? በፍጹም! በሌላ ሉገር!

ለአንዲት ጀልባ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ጅዳ ውስጥ፣ ኦብሁር በኩልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሁለት ምሰሶና ቀይ ቡናማ ሸራ ያላት ትንሽ ጀልባ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ሌሊትም ቢሆን እመጣለሁ።