የላሜራ አቈራረጥና የመቶኛ ሚዛን

በላሜራ ላይ የሚቈረጡ ቅርፆችን አቀማመጥ በሒሳብ ስለ ማሻሻል የሚጻፉት የተማሪ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት በአንድ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ከላሜራው ስፋት ከመቶ ይህን ያህሉ ሥራ ላይ ዋለ የሚለው ነው። ቍጥሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ አቀማመጡ መልካም፣ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ መጥፎ ይባላል። እኛ ግን ይህ ሚዛን ለትልቅ ፋብሪካ የተበጀ ስለ ሆነ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ላለ በርና መስኮት ሠሪ እንዳለ ቢሰጠው ያሳስተዋል እንላለን።

ሒሱን ከመጀመራችን በፊት ለጥናቱ የሚገባውን ክብር መስጠት ተገቢ ነው። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ሌዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 እ.ኤ.አ. ስለ ምርት አደረጃጀት ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ብክነትን ቀንሶ ስለ መቍረጥ አንድ ክፍል ሰጥቷል፤ በ1951 ደግሞ ከዛልጋለር ጋር ሆኖ ስለዚሁ ጕዳይ ብቻ አንድ መጽሐፍ አውጥቷል። ዘዴው በሌኒንግራድ በአንድ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ቍርጥራጩ በጣም ስላነሰ፣ ፋብሪካው እንዲያስረክብ የታዘዘው የውዳቂ ብረት መጠን ጐደለበትና ተወቀሰ ይባላል። ታሪኩ ያስቃል፤ ነገር ግን ሚዛኑ ከሥራው ጋር ካልተስማማ መልካም ሥራ እንኳ እንደ ጥፋት ሊቈጠር መቻሉን ያሳያል።

ከዚያ በኋላ በ1961 ጊልሞርና ጎሞሪ ያወጡት ጽሑፍ ለዚህ ትምህርት እንደ መሠረት ይቈጠራል። ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች ቍጥራቸው እጅግ ብዙ በመሆኑ ሁሉንም ዘርዝሮ መፈተን አይቻልም፤ እነርሱ ግን በየደረጃው የሚረባውን አንድ አቀማመጥ ብቻ እየፈለጉ ወደ ስሌቱ ማስገባትን አሳዩ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ዘዴው ትእዛዙ አስቀድሞ የታወቀና ብዛት ያለው መሆኑን ይጠይቃል፤ አንድ የወረቀት ፋብሪካ ከትልቅ ጥቅል ላይ በሺህ የሚቈጠር ጠባብ ጥቅል ሲቈርጥ እንደሚያደርገው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ቍርጥራጭ በእውነት ቍርጥራጭ ነው፤ ለነገ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። የዛሬዎቹ ለሌዘር መቍረጫ የሚሠሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ቅርፁን እያዞሩና ቅደም ተከተሉን እየለዋወጡ የሚፈልጉት ይህንኑ መጠጋጋት ነው።

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ በር ሠሪው ሥራውን የሚቀበለው አንድ በአንድ ነው። አንዱ ባለቤት ዛሬ የግቢ በር ያዝዛል፤ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ የመስኮት ክንፍ ይፈልጋል። ከበሩ የተረፈው ላሜራ ግድግዳ ተደግፎ ይቈያል እንጂ አይጣልም፤ የመስኮቱ ትእዛዝ የመጣ ዕለት መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ርዝመቱ 200፣ ወርዱ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ላሜራ ላይ 90 በ45 የሆኑ ሦስት ገጾች ይቈረጡ እንበል፤ የመቍረጫው ዲስክ የሚበላውን ለጊዜው እንተወው። አንደኛው መንገድ ሁለቱን ጎን ለጎን በርዝመቱ አጋድሞ፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው ፊት ማስቀጠል ነው። ሁለተኛው መንገድ ሦስቱንም ወርዱን ተከትሎ አቁሞ መደርደር ነው። በሁለቱም መንገድ ሥራ ላይ የዋለው 12,150 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከመቶ 60.75 ነው፤ የተረፈውም በሁለቱም 7,850 ነው። መቶኛው እንግዲህ ሁለቱን አይለይም። ነገር ግን በመጀመሪያው መንገድ ከሚተርፉት አራት ማዕዘኖች ትልቁ 110 በ55 ሲሆን፣ በሁለተኛው 100 በ65 ነው። 90 በ60 የሆነ የመስኮት ክንፍ ከሁለተኛው ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ግን አይወጣም፤ አዲስ ላሜራ መግዛት ግድ ይሆናል። የሠሪው ትርፍና ኪሳራ ያለው በዚህች በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ላይ ነው፤ መቶኛው ግን ስለ እርስዋ አንዲት ቃል አይናገርም። በውጭ አገር ዳግም ስለሚያገለግል ትራፊ የሚያጠኑ ሰዎች በርግጥ አሉ፤ በትምህርት ቤት መልመጃዎቻችን ውስጥ ግን ይህ ሐሳብ ገና አልገባም።

ሁለተኛው ጕድለት ላሜራው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ መገመቱ ነው። ለዚህ ከአዊ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል፤ ፈረስ ካለ ደግሞ ኮርቻና ጠፍር አለ፣ ቆዳ ቈራጭም አለ። ቆዳ ቈራጩ የእርካብ ማንጠልጠያውን ጠፍር ከጀርባው እንጂ ከሆዱ አያወጣም፤ የሆዱ ቆዳ ስስና የሚለጠጥ ነውና። መቶኛውን ለማሳደግ ሲል ጠፍሩን ወደ ሆዱ ቢያወርደው ፈረሰኛው በጉግሥ መካከል ይወድቅበታል። ብረት ቆዳ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ሌዘሩ ሲቈርጥ ብረቱን ያሞቀዋል፤ ስስ ላሜራ ላይ የተጠጋጉ ቅርፆችን ተራ በተራ ቢቈርጡ ላሜራው ይጣመማል። ተቈርጦ የወጣ ትንሽ ቍራጭም ቀና ብሎ ከመቍረጫው ራስ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ እጅግ የተጠጋጋው አቀማመጥ በመኪናው ላይ መልካሙ ላይሆን ይችላል።

በመቀስ ለሚቈረጠው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትልቁ የላሜራ መቀስ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው የሚቈርጠው፤ ለሌዘር የተዘጋጀ፣ ቅርፆቹ እርስ በርስ የተሰካኩበት ሥዕል ለእርሱ አይሆነውም። ጊልሞርና ጎሞሪ ራሳቸው በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚደረገውን አቈራረጥ ለብቻው መርምረውታል።

የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ ስሌት አይደለም። አንድ ተማሪ የአቀማመጥ ጥናት ሲያቀርብ ከመቶኛው አጠገብ የተረፈውን ትልቁን አራት ማዕዘን ርዝመትና ወርድ ይጻፍ፤ መምህሩም ይህን ይጠይቀው። በዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አንሸሽገውም። ትራፊ ማስቀመጥ ነጻ አይደለም፤ ቦታ ይይዛል፤ ቀለም ያልተቀባ ጥቍር ላሜራ በአዊ ክረምት ቶሎ ይዝጋል። እንግዲህ የትራፊው ዋጋ በየወሩ ምን ያህል ይቀነስ? ከግንቦት የተረፈ 100 በ65 እስከ መስከረም ቢቈይ ከዚያው ከአዲስ ላሜራ ጋር እኩል ሊቈጠር አይገባም፤ ምን ያህል እንደሚያንስ ግን በየሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ የገባውንና የወጣውን ቍራጭ በደብተር እየመዘገቡ መለካት ያስፈልጋል።