ትምህርታዊ ቪዲዮ ለታዳጊ ወጣቶች፦ ማስፈራራት ወይስ ማለማመድ?

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በራህዌይ እስር ቤት የተቀረጸ አንድ ዘጋቢ ፊልም ታላቅ ዝናን አትርፎ ለኦስካር ሽልማት በቅቷል። በፊልሙ ውስጥ የዕድሜ ልክ እስረኞች ጥፋት የጀመሩ ታዳጊዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጮሁባቸዋል፣ ይዝቱባቸዋል፣ የእስር ቤቱን ኑሮ አስከፊነት ይነግሯቸዋል። ተመልካቹም «ይህን ያየ ልጅ ዳግመኛ አያጠፋም» ብሎ ረክቶ ይነሳል። ይሁን እንጂ ጄምስ ፊንከናወር የተባሉት የወንጀል ጥናት ምሁር በዚሁ እስር ቤት ፕሮግራም የተካፈሉትን ልጆች ካልተካፈሉት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከተካፈሉት 41 በመቶው፣ ካልተካፈሉት ግን 11 በመቶው ብቻ አዲስ ጥፋት ፈጽመው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎች በአንድነት ሲገመገሙም ፕሮግራሙ ምንም ካለማድረግ የባሰ ሆኖ ታይቷል። እርግጥ የተለካው የእስር ቤቱ ጉብኝት እንጂ ፊልሙን ማየት ብቻ አይደለም። ሆኖም ሐሳቡን በስፋት ያስተዋወቀው ያው ፊልም ነበር።

ጉዳዩ ከጤና ባለሙያው የራቀ አይደለም። በአገራችን ስለ ኤድስ የተላለፉት የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች በአብዛኛው በሞትና በመክሳት ምስል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። የአባላዘር በሽታን፣ የሲጋራንና የአልኮልን ጉዳት ለተማሪዎች ለማስረዳት የቆሰለ የሰውነት ክፍል ፎቶግራፍ ማሳየትም የተለመደ ነው። ከዚህ አሠራር ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው፤ ወጣቱ የሚሳሳተው አደጋውን ባለማወቁ ስለሆነ አደጋው በጉልህ ከታየው ይታቀባል የሚል ነው። ነገር ግን ብዙ ታዳጊዎች አደጋውን ያውቁታል፤ እንዲያውም አንዳንዱን አደጋ ካለበት መጠን አግንነው ይገምቱታል። የሚያጥራቸው፣ የወንድ ጓደኛ «ካልወደድሽኝ ነው» ባለ ጊዜ፣ ወይም እኩዮች ብርጭቆ በሞሉ ጊዜ፣ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚባልና ምን እንደሚደረግ ማወቅ ነው። የበሽታውን ምልክት ዘርዝሮ የሚያበቃ ፊልም ደግሞ ስለዚያች ደቂቃ ምንም አይናገርም።

ስለዚያች ደቂቃ በቁም ነገር ያሰበ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የፒትስበርግ ጥናት ነው። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጁሊ ዳውንስና ባልደረቦቻቸው ባዘጋጁት ቪዲዮ ልጅቱ ታሪኩን ተቀምጣ ብቻ አትመለከትም። ትዕይንቱ ውሳኔ በሚያሻበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ገጸ ባሕርይዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ተመልካቿ ትመርጣለች፤ እሷ ራሷ በዚያ ቦታ ብትሆን ምን እንደምትል በልቧ እንድትለማመድም ጊዜ ይሰጣታል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆነ 300 ልጃገረዶች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ቪዲዮውን አየ፤ ሁለተኛው ያንኑ ይዘት በመጽሐፍ መልክ አነበበ፤ ሦስተኛው የተለመዱ በራሪ ጽሑፎችን ተቀበለ። ቪዲዮውን ያዩት በሦስት ወር ውስጥ ከግንኙነት የመታቀባቸው ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ብሎ፣ በስድስት ወር ውስጥም የአባላዘር በሽታ ተገኝቶብናል ያሉት ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል። የጥናቱ ብልኀት ያለው በመጽሐፉ ቡድን ላይ ነው። ይዘቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው የመረጃው ብዛት ሳይሆን የቀረበበት መንገድ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ውጤቱ በአመዛኙ ልጃገረዶቹ ስለራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ የተደገፈ ነው፤ ለብዙ ጊዜያት ስለመታቀብ የተነገራት ልጅ ደግሞ የሚጠበቅባትን መልስ አታጣውም። ከዚህም ሌላ ወንዱ ልጅ በሥራው ውስጥ የለም። እምቢ የማለት ሸክም ሁሉ በሴቷ ላይ ተጭኗል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የፕላዝማው መምህርም ጥያቄ ይጠይቅና ለመልስ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ትምህርቱ ይቀጥላል። ቪዲዮ ስለቆመ ብቻ አሳታፊ አይሆንም።

የኬንያው ጥናት ከዚህ የበለጠ ጠንካራ መለኪያ ይዟል። ፓስካሊን ዱፓ በምዕራብ ኬንያ በሚገኙ 328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በ71 ትምህርት ቤቶች ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የ40 ደቂቃ ትምህርት ተሰጠ። በመጀመሪያ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ታዳጊ ልጃገረዶችን እንዴት እንደሚያጠምዱ የሚያሳይ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ታየ። ቀጥሎም ኤች አይ ቪ በየዕድሜ ክልሉ በወንዶችና በሴቶች ላይ ያለው ስርጭት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ውይይት ተደረገበት። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጃገረዶቹ እርግዝና በ28 በመቶ ቀነሰ። እርግዝና በቃል የሚካድ ነገር ስላልሆነ ይህ መለኪያ ክብደት አለው። በአንጻሩ መምህራን ስለ መታቀብ ብቻ የሚሰብከውን ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት እንዲያስተምሩ መሠልጠናቸው በእርግዝናው ላይ ለውጥ አላመጣም።

ይህን ውጤት የቪዲዮ ድል አድርጎ ማውራት ግን ስህተት ነው። ካርቱኑና ሰሌዳው አብረው ስለቀረቡ የአንዱን ድርሻ ከሌላው ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ምናልባትም ዋናውን ሥራ የሠሩት የሰሌዳው ቁጥሮች ናቸው። ለብዙ አስተማሪዎች የሚከብደው ሌላው ነገር ደግሞ ልጃገረዶቹ ከግንኙነት ሁሉ የራቁ አለመሆናቸው ነው። ከትልልቆቹ ወንዶች ርቀው ወደ እኩዮቻቸው ማዘንበላቸውን መረጃው ይጠቁማል። በተማሪ ፊት ይህን ለመናገር የሚደፍር ባለሙያ ብዙ አይደለም፤ የቀነሰው እርግዝና ግን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በናይጄሪያ «ሹጋ» የተሰኘው የኤም ቲ ቪ ተከታታይ ድራማ ከ18 እስከ 25 ዓመት ባሉ 5,000 ያህል ወጣቶች ላይ ሲፈተሽ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያደርጉት በእጥፍ ያህል ጨምረዋል፤ በሴቶቹም ላይ የክላሚዲያ ስርጭት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የኮንዶም አጠቃቀም ግን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ድራማው ይበልጥ የሠራውም በታሪኩ በተመሰጡት ላይ ነበር። ይህም አዘጋጆች ለድርሰቱና ለተዋንያኑ የሚያወጡት ገንዘብ ብክነት አለመሆኑን ያሳያል።

በጤና ተቋም ውስጥ ስለሚታይ ቪዲዮ የሚጠቀሰው ደግሞ በዴንቨር፣ በሎንግ ቢችና በሳን ፍራንሲስኮ የአባላዘር በሽታ ክሊኒኮች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ሥራ ነው። በ40,000 ገደማ ታካሚዎች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት፣ በተራ መጠበቂያ ክፍል የታየ የ23 ደቂቃ ፊልም አዲስ የአባላዘር በሽታን በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ ሊሆን የቻለው ከሠራተኛው ጊዜ ምንም ሳይወሰድ በመሆኑ በአነስተኛ ወጪ ለሚሠሩ ተቋማት ያጓጓል። ነገር ግን ወደዚያ ክሊኒክ የመጣ ሰው ለምን እንደመጣ ያውቃል፤ በክፍሉ ያሉት ሁሉ የመጡት ለዚያው ጉዳይ ነው። በጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ግን ለክትባት የመጣች እናት፣ ሳል ያስቸገራቸው አዛውንትና የ15 ዓመት ልጃገረድ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ስለ እርግዝና መከላከያ ማውራት ሲጀምር፣ እናቷ አጠገቧ ያለችው ልጅ መሬት መሬቱን ታያለች።