ዜማ የሚያድርበት ቤት

ከጣርማበር ወደ ሸዋሮቢት ስወርድ ማሲንቆዬን ከሌላው ዕቃ ጋር አላስጭንም፤ ታቅፌው ነው የምወርደው። ነገሩ ስስት ብቻ አይደለም። ጣርማበር ላይ ጉሙ የፍየል ቆዳውን ያረጥበውና ያላላዋል። ደብረ ሲናን አልፈን የቆላው ወበቅ በመስኮት ሲገባ ደግሞ ቆዳው ይደርቅና ይወጠራል፤ ጭራውም አብሮት ይከርራል። ደጋ ላይ የቃኘሁት ድምፅ ቆላ ስደርስ ሌላ ድምፅ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ ለማሲንቆዬ ግን ከደብረ ሲና በታች ያለው ቁልቁለት ብቻውን ሌላ አገር ነው።

ተማሪ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስተምረው ጣትን ነው። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። ግራ እጅህ ያንን ጭራ ወደ እንጨቱ አይጫነውም፤ አየር ላይ እንዳለ ይነካዋል እንጂ። ጊታር የለመደ ልጅ ከሆነ የመጫን አመሉን ለማስረሳት ወር ይፈጅብኛል። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ መሄድ ሲፈልግ ዘፈኑን አቁሞ አውታሮቹን ማጥበቅና ማላላት አለበት፤ ቅኝቱ ያለው መሣሪያው ላይ ነው። የማሲንቆ ቅኝት ግን ጣት ላይ ነው ያለው። ጣት የሰማውን ሁሉ መከተል ይችላል፤ የአርጎባውን፣ የአፋሩን፣ የከሚሴውን ኦሮሞ። ለዚህ ነው ማሲንቆ ይዞ የሰው ዜማ መልቀም የሚቀለው። የሰው ዜማ ማበላሸት የሚቀለውም ለዚሁ ነው። ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ይፋት ለእንደኔ ያለ ለቃሚ የተመቸ አገር ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት፣ ከዘይላ ወደብ የሚነሳው የነጋዴ መንገድ የሚያልፍበት ምድር ነበር። ገበያው ዛሬም ያንን አልረሳም። እሑድ ሰንበቴ ብትወርድ ከደጋ የወረደው አማራ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ግመሉን የነዳው አፋር አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ ባቲ ላይ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚያች የገበያ ከተማ ስም መጠራቱ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። አምባሰል በተራራ፣ ትዝታ በልብ ሕመም፣ ባቲ በገበያ ስም ይጠራሉ። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ገበያ የሚወድ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

ከዓመታት በፊት ከሸዋሮቢት ወጣ ባለ መንደር ሠርግ ልጫወት ተጠራሁ። ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በመውሊድ ሰሞን፣ አንድ መንዙማ ሰምቼ ነበር። ድቤው በዝግታ ይመታል፤ አውጪው ስንኙን ያወጣል፤ ተቀባዩ እያጨበጨበና ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ይመልሳል። ግጥሙ አማርኛና ዓረብኛ ተቀላቅሎበት ስለነበር የገባኝ ጥቂቱ ነው። እንባዬ ግን ግጥሙን ሳይጠብቅ መጣ። የሌላ ሰው ጸሎት ውስጥ በር ላይ ቆሜ የማልቀሴ ነገር ራሴንም አስደነገጠኝ። ዜማውን በአፌ እያጉተመተምኩ ቤቴ ገባሁና ሌሊቱን በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት፤ ወይም ያገኘሁት መሰለኝ።

ሠርጉ ላይ ሰው ሞቅ ብሎት፣ «ተቀበል!» እየተባለ ግጥም ሲወርድብኝ አምሽቶ፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ያህል ያንን ዜማ ያለ ግጥም አነሳሁት። ዳሱ ጸጥ አለ። ብር ግንባሬ ላይ ተለጠፈ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየሁ። ኮራሁ። በልቤ የራሴን ስም ከታላላቆቹ አዝማሪዎች ተርታ አሰለፍኩት ብል ውሸት አይሆንም።

ሲነጋ ለምሳ ዕቃ ሲሰናዳ አንድ የአርጎባ አዛውንት፣ የሙሽራው ቤተሰብ ጎረቤት፣ ደጅ ጠበቁኝ። ጸሎት መጠጥ ቤት አስገባህ ብለው ሊቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ያንንም በኋላ ብለውኛል። መጀመሪያ ያሉኝ ግን ሌላ ነው።

«እጅህ ይባረክ ልጄ። ዜማው የኛ ነው። ያሳደርከው ግን ሌላ ቤት ነው።»

«ሌላ ቤት ሲሉ አባቴ?»

«የኛው ሲያልቅ ሰው ቀና ይላል። ያንተ ሲያልቅ አንገቱን ይደፋል።»

ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ መታሁት። እውነታቸውን ነበር። ዜማውን አንድ በአንድ በትክክል ይዤዋለሁ፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ ግን ጣቴ ሳላዘው ወደ ለመደው ይወርዳል፣ ትዝታ ወደሚያርፍበት። ሠርግተኛውን ያስለቀስኩት በመንዙማው አልነበረም። ትዝታን የመንዙማ ልብስ አልብሼ ነው ያስለቀስኩት፤ ሴትዮዋም ያለቀሰችው ለነቢዩ ውዳሴ ሳይሆን ለራሷ ናፍቆት ነው። ለራሷ ማልቀሷ ነውር የለበትም። ነውሩ እኔ የሰው ዜማ አወቅሁ ብዬ መኩራቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማሳየው አንድ ሙከራ አለ። አምባሰልንና ትዝታ ማይነርን ጎን ለጎን ውሰዱ። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ከሦስተኛው ፋ ጀምራችሁ ብትደረድሯቸው፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል የነበረውን ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል ብትሉት፣ የምታገኙት ትዝታ ማይነርን ነው። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። የተለወጠው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚመለስበት ድምፅ ነው። ግን አምባሰልን ሰምቶ ትዝታ ነው የሚል የወሎ ወይም የይፋት ሰው አላጋጠመኝም። አንዱ ተራራ ላይ የቆመ ሰው ድምፅ ነው፤ ሌላው ማታ ብቻውን የተቀመጠ ሰው። ስሜቱ ድምፆቹ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ በሆኑ ነበር።

ለዚህ ነው «ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ነው» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ። በዓሉና መድረኩ ሁሉ ይለዋል። የምናገረው ከመጥላት አይደለም፤ እኔም ከማላውቀው አገር የመጣ ዜማ ሰምቼ ሥራ ፈትቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የጃፓን ኮቶ በስልኬ ከፍቼ ለአንድ ተማሪዬ አሰማሁት። ኮቶ ረጅም፣ በወለል ላይ የሚዘረጋ፣ ባለ 13 አውታር መሣሪያ ነው፤ ሂራጆሺ የሚሉት አቃኘታቸው ድምፅ በድምፅ ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰው ትዝታውን ያውቃታል፤ ግን አያሳርፋትም» አለኝ። ከብዙ የተጻፈ ነገር ይልቅ ይህ አነጋገሩ ይበልጥብኛል። ጃፓኑ ግን አሳርፏታል፤ የራሱ ቤት ነው ያሳረፋት። የእኛ ጆሮ ያንን ቤት ስለማያውቀው ዜማዋ ሜዳ ላይ የቀረች መሰለችው።

ባቲ ማይነርም እንዲሁ ነው። አምስቱ ድምፆቹ የአሜሪካ ጥቁሮች በብሉዝ ከሚያንጎራጉሩበት መሠረት ጋር ይገጥማሉ፤ ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ በገበሬ ቤት እየዞረ ከሰበሰባቸው ከጥንቶቹ የሃንጋሪ ዘፈኖችም ጋር። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ፈነጠዝኩ። አሁን ረጋ ብያለሁ። አንድ ዓይነት ጡብ ስላየህ አንድ ቤት ነው አትልም።

ስለ ባርቶክ ካነሳሁ አይቀር፣ የምወድለት የኦርኬስትራ ሥራዎቹን አይደለም፤ ድካሙን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ፎኖግራፍ ተሸክሞ ገጠር ሲዞር የዘፋኙን ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 አልጄሪያ፣ ቢስክራ ድረስ ወርዶ የዓረብ ገበሬዎችን ዜማ ቀድቷል። እኔ መንዙማውን ስለቅም ማን እንዳወጣው እንኳ አልጠየቅሁም። መቼ ይባላል? ቆመው ነው ተቀምጠው? ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው? አንዱንም። እንባዬ በቂ ደረሰኝ መስሎኝ ነበር።

በእኛው አገር ያለው ትልቅ ምሳሌዬ አሜሪካዊ ነው። ቻርልስ ሰተን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተማረ፤ አማርኛውንም ተማረ። ቀጥሎ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ገባ። ኦርኬስትራው ግብፅ ተወላጁ ሐሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ያቋቋመው፣ በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው፣ ከዚያ በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ የአገር መሣሪያዎችን ያስቀመጠ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩ በታወቀው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርበዋል፤ ሰተንም ከእነሱ ጋር ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ፈረንጅ ማሲንቆ መምታቱ አይደለም። መምታቱንማ ዛሬ ከቪዲዮ የሚማር አለ። ሰውየው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቃሉን ከነሰምና ወርቁ ተከትሎ፣ ዜማው ወደ ቤቱ ሲገባ አብሮ ገባ። እኔ ጎረቤቴ ጋ ያላደረግሁትን እሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ አደረገው።

ስለዚህ አመሌን ቀየርኩ። ሰንበቴ ገበያ ላይ ከአፋር ግመለኞች ዘፈን ለመስማት ስሄድ ማሲንቆዬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው። አፋር ሲገናኝ ዳጉ አለው፤ ከየት መጣህ፣ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ ሰላሙ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ እየተባባሉ ወሬውን እስከ ታችኛው ድረስ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ዳጉውን ራሱን ዘፈን መስሎኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር፤ የሚናገረውና «እህ» እያለ የሚቀበለው ምት ጠብቀው ይሄዳሉ። ዘፈኑ ሲመጣ መሣሪያ የለውም፤ ጭብጨባና ድምፅ ብቻ ነው፣ እግር መሬቱን ይመታል። አሁን ሳስበው ዳጉውን ያልሰማ ሰው ያንን ዘፈን ጣቱ ላይ ሊያደርገው አይችልም። ምቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ነው እስካሁን የያዝኩት፤ እሱንም ሰው ፊት አልተጫወትኩትም።

ይህ ሁሉ ገበያ ሲኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ድረስ ሲወርድ፣ አንዱ የሌላውን ሠርግ መጥራት የቀረበት ጊዜ አይቻለሁ። ዳስ ውስጥ ማን እንዳለ ከጣሪያው ቀድመህ የምታየው ጊዜ። ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ዜማ ብቻ ስመታ ከርሜ ጣቴ ሰነፈ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሳልጽፈው የማላልፈው ግን አንድ የገዛ ቤቴ ዜማ አለ። በይፋት ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ይወጣሉ። ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ግሪሳ ያባርራሉ፤ ጉሮሯቸውም መሣሪያቸው ነው። እየጮኹ ይጀምሩና ጩኸቱ ቀስ እያለ ዜማ ይሆናል፤ ከወዲያኛው ማማ ያለው ልጅ ይቀበላል። እኔም ልጅ ሆኜ አንዱ ማማ ላይ ነበርኩ። ያንን ዜማ በማሲንቆ ላወጣው ስሞክር ዓመታት ሆነኝ፤ አልወጣልኝም። ምክንያቱን ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ማረፊያ የለውም። ካረፈ ወፏ ትመለሳለች።

በየዓመቱ ማማዎቹ እየተመናመኑ ይመስለኛል፤ ማሾና ሽንኩርት ብዙውን ማሳ ይዞታል። በጥቅምት በደሴ መንገድ የምትወርዱ ሰዎች ሸዋሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ስትደርሱ መኪናችሁን አቁሙ፣ ሬዲዮናችሁን ዝጉ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱ። የልጁን ስም፣ ዕድሜና መንደር መጠየቅ አትርሱ።